ገንዘቡ ነው ወይስ አያያዙ? አነስተኛ ንግድን ስለሚያሳድገው ነገር ጥናቶች ምን ይላሉ?

(የመግቢያ ሙዚቃ)

ከሱቃችሁ ባንኮኒ ጀርባ፣ ከልብስ ስፌት መኪናችሁ ፊት፣ ከጉሊት፣ ከጋራዥ፣ ከእንጨትና ከብረታ ብረት ሥራ ቤት ሆናችሁ የምታዳምጡን፣ ገና ሥራ ለመጀመር የምታስቡም ጭምር፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የእናንተ ነው።

ሁለት ሰዎች በአንድ ሰፈር፣ በእኩል ወረት፣ ተመሳሳይ ሸቀጥ ይዘው ንግድ ጀመሩ እንበል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ አንደኛው ሱቁን አስፍቶ ሠራተኛ ቀጥሯል። ሌላው ከጀመረበት ፈቀቅ አላለም፤ ወይም ወረቱን በልቶ ዘግቷል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ስንጠየቅ ብዙዎቻችን «ዕድሉ ነው»፣ «ብድር ስላገኘ ነው»፣ «ዘመድ ስላለው ነው» እንላለን። አንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ላለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ይህን ጥያቄ በግምት ከመመለስ ይልቅ በየአገሩ ነጋዴ ዘንድ እየሄዱ በሙከራ ያጣሩ ተመራማሪዎች አሉ። በስሪላንካ፣ በጋና፣ በኬንያ፣ በቶጎ፣ በሜክሲኮ፣ በቻይና፣ በአገራችን በኢትዮጵያም ሠርተዋል። ዛሬ ያገኙትን እናካፍላችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልን።

ስለ የትኞቹ ንግዶች እንደምንናገርም እንለይ። በ2011 በተከለሰው የአገራችን የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ መሠረት፣ በሰው ኃይል ሲታይ ባለቤቱንና ቤተሰቡን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚሠራበት ድርጅት ጥቃቅን ይባላል፤ ከ6 እስከ 30 ሰው ያለው ደግሞ አነስተኛ ነው። እንግዲህ ብቻዋን እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል እናትም፣ 20 ሠራተኛ ያለው ጫማ ሠሪም በዛሬው ወሬያችን ውስጥ አሉበት።

ወደ ግኝቶቹ ከመግባታችን በፊት ተመራማሪዎቹ እንዴት እንደሚያጣሩ እንይ፤ ዘዴውን ያላወቀ ሰው ውጤቱን ማመንም መጠራጠርም አይችልምና። አንድ ድርጅት ለነጋዴዎች ሥልጠና ሰጠ እንበል። ከዓመት በኋላ የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት የበለጠ አተረፉ። ታዲያ ሥልጠናው ሠርቷል ማለት ነው? ላይሆን ይችላል። የሥልጠና ማስታወቂያ ሲወጣ ቀድሞ የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ ድሮም ትጉህ የነበረው ሰው ነው። ያ ሰው ባይሠለጥንም ያተርፍ ነበር።

ስለዚህ ተመራማሪዎቹ እኛ በእቁብ የምናደርገውን ያደርጋሉ፤ ዕጣ ያወጣሉ። የእቁብ ዕጣ ጎበዝና ሰነፍ፣ ሀብታምና ድሃ አይለይም። እነሱም ገንዘቡን ወይም ሥልጠናውን ዕጣ ለወጣላቸው ይሰጣሉ፤ ያልወጣላቸውን ለማነጻጸሪያ ይከታተላሉ። ሁለቱ ወገኖች በዕጣ ስለተለዩ ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ። በኋላ የሚታየው ልዩነት እንግዲህ ከተሰጠው ነገር የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ድህነትን ለመቀነስ በሚደረገው ጥረት ይህን የሙከራ መንገድ ያስፋፉት አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር በ2019 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ከገንዘቡ እንጀምር። «ወረት ቢኖረኝ የት በደረስኩ!» የማይል ነጋዴ የለም። እውነት ነው ወይ?

በ2005 ሱሬሽ ደ ሜል፣ ዴቪድ ማኬንዚና ክሪስቶፈር ውድረፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ስሪላንካ ወደ 400 የሚጠጉ በጣም ትንንሽ ንግዶችን መከታተል ጀመሩ። ዕጣ ለወጣላቸው 10,000 ወይም 20,000 ሩፒ ሰጡ፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 100 ወይም 200 ዶላር ገደማ ነው። ለግማሾቹ በጥሬ ገንዘብ፣ ለግማሾቹ ደግሞ ራሳቸው በመረጡት ሸቀጥ ወይም መሣሪያ ነበር የተሰጣቸው። ብድር አልነበረም፤ መመለስ አይጠበቅባቸውም።

በ2008 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። የተጨመረው ገንዘብ በአማካይ በየወሩ ወደ 5 በመቶ የሚሆን ትርፍ አመጣ። በየወሩ ነው የምንላችሁ፤ በዓመት ሲታሰብ ከ55 በመቶ በላይ ይሆናል። ይህ ባንኮች ከሚጠይቁት ወለድ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ የትንሹ ነጋዴ ሥራ ራሱ አዋጭ ነው፤ የጎደለው ወረት ነው። ባለሱቁ «ገንዘብ ቢኖረኝ አውቅበታለሁ» ሲል ባዶ ምኞት አልነበረም።

ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ወንዶችንና ሴቶችን ለይተው ሲያዩ ሌላ ነገር አገኙ። ትርፉ የታየው በወንዶቹ ንግድ ላይ ነበር። ገንዘብ የተሰጣቸው ሴቶች ንግድ በአማካይ አንዳች ጭማሪ አላሳየም። ይህን የሰማ ሰው «ሴት ነጋዴ አትሆንም» ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ እንዲህ ያለ ድምዳሜ ግን ስህተት ብቻ ሳይሆን ግፍም ነው። ገንዘቡ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

መልሱ ቆይቶ መጣ። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት የስሪላንካን፣ የጋናንና የሕንድን መረጃ እንደገና መረመረ። በቤቱ ውስጥ ንግድ ያላት ሴቲቱ ብቻ ስትሆን፣ የተሰጣት ገንዘብ እንደ ወንዶቹ ሁሉ ትርፍ አምጥቶ ተገኘ። ባልም የራሱ ንግድ ባለው ቤት ግን በእሷ ስም የመጣው ገንዘብ ወደ እሱ ሥራ ገብቷል። ገንዘቡ ለቤተሰቡ ሠርቷል፤ የእሷ ንግድ ግን ባለበት ቀረ።

በጋና በአክራና በቴማ ከተሞች የተደረገው ሙከራም ይህንኑ ከሌላ ማዕዘን ያሳያል። እዚያ ለነጋዴዎቹ በነፍስ ወከፍ 150 ሴዲ፣ ማለትም 120 ዶላር ገደማ ተሰጠ። በጥሬ ገንዘብ የተሰጣቸው ሴቶች ትርፋቸው አልጨመረም። በዕቃና በሸቀጥ የተሰጣቸው፣ በተለይም ንግዳቸው ድሮም ትንሽ ጠንከር ያለው ሴቶች ግን አተረፉ። ጥሬ ገንዘብ በቀላሉ ወደ ቤት ወጪ ይሄዳል። የተገዛ ጨርቅ ወይም የተገዛ ዱቄት ግን ሥራው ላይ ይቆያል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የራሳችንን ኑሮ እናስብ። ጉሊት የምትቸረችር እናት የዛሬ ሽያጯን ይዛ ቤት ስትገባ ምን ይጠብቃታል? የልጅ ደብተር፣ የጎረቤት ለቅሶ፣ የማኅበር ተራ፣ የታመመ ዘመድ። ማንም ክፉ ሰው አልዘረፋትም። ፍቅርና ይሉኝታ ነው ወረቱን የበላባት። ከዚህ የምናገኘው ቁም ነገር የዛሬው ዝግጅታችን ዋና ሐሳብ ነውና በደንብ ያዙልን፦ ገንዘብ ንግድን የሚያሳድገው ሥራው ላይ እስከቆየ ድረስ ነው። ስለዚህ «ገንዘብ አገኘሁ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ያገኘሁት ገንዘብ ሥራዬ ላይ እንዴት ይቆይልኛል?» የሚለው መምጣት አለበት።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እንግዲህ እንዴት ይቆያል? ሁለት ቀላል መፍትሔዎች በሙከራ ታይተዋል።

አንደኛው ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተገኘ ነው። አንድ የማይክሮፋይናንስ ባንክ ለደንበኞቹ ሥልጠና ሊሰጥ ሲል፣ ተመራማሪዎች ሥልጠናውን በሁለት ዓይነት አዘጋጁት። ለአንደኛው ወገን የተለመደው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተሰጠ፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ሀብት፣ ዕዳ፣ ሚዛን። ለሌላው ወገን ግን ጥቂት ቀላል ደንቦች ብቻ ተነገሩት። ዋናው ደንብ ይህ ነው፦ የንግዱን ገንዘብ በአንድ መሳቢያ፣ የቤቱን ገንዘብ በሌላ መሳቢያ አስቀምጥ። ለራስህ የተወሰነ ደመወዝ ቁረጥ። ከንግዱ ለቤት ከወሰድክ ጽፈህ አስቀምጥና መልስ።

በ2014 የታተመው ውጤት ምን አሳየ? የመዝገብ አያያዙ ትምህርት ጉልህ ለውጥ አላመጣም። ቀላሉ ደንብ ግን የነጋዴዎቹን አሠራርና ሽያጭ አሻሻለ። በተለይ ንግድ በሚቀዘቅዝበት ሳምንት የደንቡ ጥቅም ጎልቶ ታየ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ማታ መጻፍ የሚችለው ጥቂት ነገር ነው። የማይደረግ ትልቅ ትምህርት ከሚደረግ ትንሽ ደንብ አይበልጥም።

ሁለተኛው ከምዕራብ ኬንያ ነው። ፓስካሊን ዱፓስና ጆናታን ሮቢንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ዕጣ ለወጣላቸው የገበያ ሴቶችና ለብስክሌት ታክሲ ነጂዎች በመንደር ባንክ የቁጠባ ሒሳብ ከፈቱላቸው። ሒሳቡ ወለድ አይከፍልም፤ ገንዘብ ሲወጣ እንዲያውም ክፍያ ይጠየቅበታል። በወረቀት ሲታይ አክሳሪ ነው። ሆኖም የገበያዎቹ ሴቶች ተጠቀሙበት፤ በንግዳቸው ላይ የሚያውሉት ገንዘብም በግልጽ ጨመረ። ብስክሌት ነጂዎቹ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አልታየም። ሴቶቹ ከባንኩ የገዙት ወለድ አልነበረም፤ ከእጅ የራቀ፣ «የለኝም» ብሎ በእውነት ለመናገር የሚያስችል ቦታ ነበር የገዙት። እኛ አገር ብዙ ነጋዴ የዕለት እቁብ የሚጥለው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም። እቁብ ወለድ አይሰጥም፤ ነገር ግን ገንዘብን ከይሉኝታ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ብድር እንለፍ። ማይክሮፋይናንስ በተስፋፋበት ዘመን ብድር ድህነትን ከሥሩ ይነቅላል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። በ2015 መጀመሪያ ላይ በስድስት አገሮች የተደረጉ ስድስት የዕጣ ሙከራዎች አንድ ላይ ታተሙ። አገሮቹ ቦስኒያ፣ ሕንድ፣ ሜክሲኮ፣ ሞንጎሊያ፣ ሞሮኮና ኢትዮጵያ ናቸው። የእኛው አገር ጥናት በአማራና በኦሮሚያ ገጠር ከ2003 እስከ 2006 የተደረገ ነበር። የስድስቱ መልስ ተቀራራቢ ሆነ። ብድሩ ሰዎች ሥራቸውን እንደ ፍላጎታቸው እንዲያቃኑ አግዟል፤ አንዳንዶች ንግዳቸውን አስፍተዋል። በአማካይ ግን የቤተሰብን ገቢ የሚለውጥ ኃይል አልታየበትም። በአማራና በኦሮሚያም የተበዳሪው ቁጥር በብዙ ጨመረ፤ ኑሮው ግን ያን ያህል አልተለወጠም።

ለምን? አንዱ ምክንያት የመክፈያው ጊዜ ነው። በሕንድ በኮልካታ ከተማ በተደረገ ሙከራ፣ እንደተለመደው ብድር በወሰዱ በሁለት ሳምንት መክፈል የሚጀምሩ ሴቶች ከሌሎች ጋር ተነጻጸሩ፤ እነዚያኞቹ ሁለት ወር የእፎይታ ጊዜ የተሰጣቸው ናቸው። እፎይታ ያገኙት ለሥራው የሚሆን ዕቃና መሣሪያ በብዛት ገዙ፤ ከዓመታት በኋላም ትርፋቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። በሌላ በኩል ብድሩን መክፈል ያቃታቸውም ከመካከላቸው በዙ። ሁለቱንም ሳንሸሽግ እንናገራለን። በሁለት ሳምንት መክፈል ያለበት ሰው በሁለት ሳምንት የሚሸጥ ነገር ብቻ ይገዛል። ስፌት መኪና በሁለት ሳምንት ወጪውን አይመልስም። እፎይታ የተሰጠው ሰው ደግሞ ደፍሮ ይሞክራል፤ ከሚደፍሩት መካከል የሚወድቅ አለ። አበዳሪ ተቋማት ይህን አመዛዝነው የመክፈያ ጊዜውን ከሥራው ዓይነት ጋር ቢያስማሙ ለነጋዴውም ለራሳቸውም ይበጃል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ውድ አድማጮች፣ እስካሁን ያየነው ስለ ገንዘብ ነው። ቀጥለን የባለቤቱን አሠራር እንይ።

በምዕራብ ኬንያ ሌላ ቡድን ጥቃቅን ሱቆችን ሲያጠና አንድ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ነገር ለካ፤ ዝርዝር ብር። ደንበኛ መጥቶ ትልቅ ብር ያወጣል፤ ባለሱቁ መልስ የለውም። ወይ ደንበኛው ሳይገዛ ይሄዳል፤ ወይ ባለሱቁ ሱቁን ትቶ ዝርዝር ፍለጋ ይዞራል። በ2014 በታተመው ጥናት መሠረት በዚህ ምክንያት ብቻ የሚጠፋው ከጠቅላላ ትርፍ ከ5 እስከ 8 በመቶ ይደርሳል። ተመራማሪዎቹ ነጋዴዎቹን ስለ ዝርዝር በየሳምንቱ መጠየቅ ሲጀምሩ፣ ሌላ ምንም ሳይሰጧቸው ባለሱቆቹ አሠራራቸውን አስተካከሉ። ጥያቄው ራሱ ዓይናቸውን ከፈተላቸው።

ዛሬ አገራችን በቴሌብርና በሌሎች የሞባይል ክፍያዎች የዝርዝርን ችግር እያቃለለች ነው። ትምህርቱ ግን ከዝርዝር ይሰፋል። በየቀኑ «የለም» ተብለው የሚመለሱ ደንበኞች ስንት ናቸው? ምን ፈልገው ነበር? ያልተሸጠ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ስለሚታይ ያሳስበናል። ያልተደረገ ሽያጭ ግን አይታይም፤ ስለማይታይም አያሳስበንም።

ሥልጠናስ? ዴቪድ ማኬንዚ በ2021 ባሳተመው ጽሑፍ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ የንግድ ሥልጠና ሙከራዎችን አንድ ላይ አስልቶ፣ ሥልጠና ሽያጭን በአማካይ ወደ 5 በመቶ፣ ትርፍን ወደ 10 በመቶ እንደሚጨምር አግኝቷል። መጠነኛ ነው፤ ነገር ግን የሚናቅ አይደለም። ዋናው ጉዳይ ግን የምን ሥልጠና የሚለው ነው፤ ለዚህ ጥሩ መልስ የመጣው ከቶጎ ነው።

በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 የጥቃቅን ንግድ ባለቤቶች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። 500ዎቹ ሒሳብ አያያዝንና ግብይትን የመሰለ የተለመደ የንግድ ሥልጠና ወሰዱ። 500ዎቹ የራስ ተነሳሽነት ሥልጠና ወሰዱ፤ ይህ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ማይክል ፍሬዘ ባዳበረው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። የቀሩት 500 ምንም አልወሰዱም። በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል። የተነሳሽነት ሥልጠና የወሰዱት ትርፋቸው በ30 በመቶ አደገ። የተለመደውን የወሰዱት ላይ የታየው ጭማሪ 11 በመቶ ሲሆን፣ እሱም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ብሎ ለመናገር የሚያስደፍር አልነበረም። የተነሳሽነቱ ሥልጠና ወጪውንም በአንድ ዓመት ውስጥ መልሷል።

ይህ ሥልጠና ምን ያስተምራል? ሦስት ነገር ነው። ማንም ሳያዝዝ ራስን ማስጀመር፤ ነገ የሚመጣውን ዛሬ አስቦ መዘጋጀት፤ እንቅፋት ሲገጥም ሌላ መንገድ መፈለግ እንጂ አለመመለስ። በአንድ መንገድ ዳር አሥር ሱቅ ተደርድሮ፣ አሥሩም አንድ ዓይነት ሳሙና፣ አንድ ዓይነት ዘይትና አንድ ዓይነት ብስኩት ሲሸጡ ምን ይሆናል? ሁሉም ዋጋ እየቀነሱ እርስ በርስ ይበላላሉ። ከአሥሩ አንዱ «ደንበኛዬ እዚህ ሰፈር የማያገኘው ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መለየት ይጀምራል። ሥልጠናው ሰዎቹን ይህን ጥያቄ በየዕለቱ እንዲጠይቁ ነው ያስለመዳቸው።

ሠራተኛ ቀጥረው ለሚያሠሩ ከፍ ላሉ ድርጅቶች ደግሞ የሜክሲኮው የፑዌብላ ግዛት ጥናት ይጠቅማል። እዚያ 432 ጥቃቅን፣ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ተመርጠው፣ ዕጣ ከወጣላቸው ጋር ለአንድ ዓመት ያህል የአካባቢው የሥራ አመራር አማካሪ እየመጣ ሠራ። ምክሩ በየድርጅቱ ችግር ልክ የተሰፋ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚህ ድርጅቶች ካልተመከሩት ወደ 50 በመቶ የሚበልጥ የሠራተኛ ቁጥር ነበራቸው። የአንድ ዓመት ምክር የአምስት ዓመት ሥራ ፈጠረ ማለት ነው።

ምክር ግን ከባለሙያ ብቻ አይመጣም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? በቻይና ናንቻንግ ከተማ 2,820 ወጣት ድርጅቶችን የያዘ ሙከራ ተደረገ። ዕጣ የወጣላቸው ሥራ አስኪያጆች አሥር አሥር እየሆኑ ለአንድ ዓመት በየወሩ ተገናኙ። እየተዘዋወሩ አንዱ የሌላውን ሥራ ቦታ ጎበኙ፤ ስለ ብድር፣ ስለ አቅራቢ፣ ስለ ሠራተኛ ተወያዩ። ሽያጫቸው ከሌሎቹ በ8 በመቶ ገደማ በለጠ። ተመራማሪዎቹ ሌላም ነገር አስተውለዋል፤ በአንድ ገበያ የሚፎካከሩ ሰዎች የሰሙትን መረጃ እርስ በርስ ለመነጋገር ይቆጠቡ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስብስብ ስትመሠርቱ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ልብስ ሰፊውንና ብረት በያጁን አንድ ላይ ብታደርጉ ይመረጣል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ ወደ 1,000 የሚጠጉ ወጣት ሥራ ፈላጊዎችን ያሳተፈ ጥናት አድርገዋል። ወጣቶቹ በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ነበሩ፤ ከድርጅቶቹ መካከል የአበባ እርሻ፣ የጫማና የልብስ ፋብሪካ ይገኙበታል። በዕጣ አንዳንዶቹ የፋብሪካውን ሥራ አገኙ። አንዳንዶቹ 300 ዶላር ገደማ መነሻና አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸው የራሳቸውን ሥራ እንዲጀምሩ ተደረገ። ሌሎቹ ምንም አላገኙም።

ከአንድ ዓመት በኋላ መነሻ የተሰጣቸው ገቢ ምንም ካልተሰጣቸው በ33 በመቶ በለጠ። የፋብሪካ ሥራ ያገኙት ገቢያቸው ከሌሎቹ አልበለጠም፤ ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ሥራውን ለቀቁ፤ ከባድ የጤና ችግርም ጨመረባቸው። ይህን ብቻ ብንሰማ «ገንዘብ ስጡ፣ ሁሉም ይቃናል» ባልን ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ሳይመን ፍራንክሊንን ጨምረው ከአምስት ዓመት በኋላ ተመለሱ። የገቢ ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። መነሻ ያገኘውም፣ ፋብሪካ የገባውም፣ ምንም ያላገኘውም በገቢ ተመሳስለዋል። በሰሜን ኡጋንዳም ለወጣት ቡድኖች በተሰጠ ድጋፍ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በአራት ዓመት ውስጥ ገቢያቸው በ38 በመቶ በልጦ ነበር፤ በዘጠነኛው ዓመት ግን ሌሎቹ ደርሰውባቸዋል።

ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። የድሃ ወጣት ሕይወት ለተወሰነ ጊዜም ቢሆን መቃናቱ ትልቅ ነገር ነው። ድጋፍ ያላገኙትም እንደምንም ሠርተው መድረሳቸው ጽናታቸውን ይመሰክራል። ግን መነሻ ገንዘብ የመነሻ ነው። ያስነሳል እንጂ ዕድሜ ልክ አይሸከምም። ከተነሱ በኋላ የሚያራምደው እስካሁን ያነሳነው ነው፤ ገንዘቡን ሥራው ላይ ማቆየት፣ የሚፈሰውን ቀዳዳ መድፈን፣ ከጎረቤት የተለየ ነገር ማምጣት፣ ከሥራ ጓዶች ጋር መመካከር።

እንግዲህ ይህን ወደ ተግባር እንለውጠው። እስክሪብቶ ያላችሁ ጻፉልን።

አንደኛ፣ የንግዱንና የቤቱን ገንዘብ ለዩ። ሁለት መሳቢያ፣ ሁለት ቦርሳ ወይም ሁለት የባንክ ሒሳብ ሊሆን ይችላል። ለራሳችሁ ቋሚ ደመወዝ ቁረጡ፤ ከዚያ በላይ ከወሰዳችሁ ጽፋችሁ መልሱ።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይገዛ የተመለሰውን ደንበኛ ሁሉ መዝግቡ። ምን ፈልጎ ነበር? ለምን ተመለሰ? በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቱን ስታዩ መጀመሪያ ምን ማስተካከል እንዳለባችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ሦስተኛ፣ ብድር ከመፈረማችሁ በፊት የምትገዙት ዕቃ መቼ ገንዘቡን እንደሚመልስ አስሉ። ሥራው ሦስት ወር የሚፈልግ ሆኖ ክፍያው በወሩ የሚጀምር ከሆነ፣ የእፎይታ ጊዜ ጠይቁ። ካልተሰጣችሁ የብድሩን መጠን ቀንሱ።

አራተኛ፣ በአካባቢያችሁ ማንም የማይሸጠውን ወይም የማይሠራውን አንድ ነገር ፈልጉና በትንሹ ሞክሩት። ካልሆነ ትንሽ ነው የከሰራችሁት፤ ከሆነ ደግሞ መንገድ ከፈታችሁ።

አምስተኛ፣ በሥራ ከማትፎካከሯቸው ጥቂት ሰዎች ጋር በወር አንድ ጊዜ ተገናኙ። እቁባችሁ የሚሰበሰብበትን ቀን ለዚህ ልታውሉት ትችላላችሁ። ከዕጣው በኋላ ግማሽ ሰዓት ስለ ሥራ ብታወሩ ወጪ የለውም።

ለባለትዳሮች ደግሞ አንድ ቃል አለን። በሚስት ስም የመጣ ብድርና ድጋፍ ለሚስት ሥራ ይዋል። ባል ንግዱ እንዲያድግ መፈለጉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የእሷን ሥራ በተደጋጋሚ እያሟጠጡ ሁለተኛውን የቤቱን ምሰሶ ማዳከም ለማንም አይበጅም። ተነጋገሩና ወስኑ።

በመጨረሻም ሥልጠና ለምትሰጡ፣ ብድር ለምታቀርቡ፣ ፕሮጀክት ለምትነድፉ ተቋማት አደራ አለን። አገራችን የመጀመሪያውን የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ካወጣችበት ከ1997 ጀምሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ወጥቷል። ሪፖርቶቻችን ግን አሁንም ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ብር ተሰጠ በሚል ይሞላሉ። የሠለጠነው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የት ደረሰ? ያልሠለጠነውስ? ፈላጊው ከቦታው ሲበዛ ዕጣ አውጡ፤ ያልደረሳቸውንም ተከታተሉ። ያኔ የሚሠራውን ከማይሠራው ትለያላችሁ። ጠዋት በጨለማ ተነስቶ ሸቀጡን ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ጊዜውንና ተስፋውን አምጥቶ ይሰጣችኋል። ያልተፈተሸ ነገር ልትሰጡት አይገባም።

እናንተም አድማጮቻችን፣ ከአምስቱ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ከነገ ጀምሩ፤ ለአንድ ወር ሳታቋርጡ ያዙትና ለውጡን ራሳችሁ በቁጥር መዝኑት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)